የማዋለጃ ክፍሉ አኩራፊ ፊት

በእኛ ጤና ጣቢያ ሐኪም ሳያየው የሄደ ሰው ይኖራል፤ መድኃኒት ሳያገኝ የሄደም ሞልቷል። «እግር አንሱ!» ሳይባል የሄደ ግን የለም። በአግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛም፣ አስታማሚውም፣ አንድ ጊዜ ለጉብኝት የመጡት ትልቅ ባለሥልጣንም መወልወያው አጠገባቸው ሲደርስ እግራቸውን ሰቅለዋል። ባለሥልጣኑ ንግግር ላይ ነበሩ። እግራቸውን እንደሰቀሉ ጨረሱት።

የጽዳት ሠራተኛችንን በስሟ የሚጠራት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌሎቻችን «እትዬ እግር አንሱ» ናት፤ ስንቸኩል ደግሞ «እትዬ» ብቻ። አጭር፣ ፈጣን፣ ቁጣዋ አፏ ላይ የሚያልቅ ሴት ናት። ሦስት ጨርቆች አሏት፤ ሰማያዊው ለወለል፣ ነጩ ለጠረጴዛና ለበር፣ ቢጫው ለማዋለጃ ክፍሉ ብቻ። አንድ ቀን የፈሰሰብኝን ሻይ በቢጫው ጨርቅ ጠርጌ ለብዙ ጊዜ ሰላምታዋን ነስታኛለች። እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። መስኮቴ ግቢውን በሙሉ ያሳያል፤ ሥራዬ ካርድ መፈለግ ነው፤ ካርዱ እስኪገኝ ድረስ ወሬው ይገኛል።

ማዋለጃ ክፍላችን ፀሐይ አያውቅም። ግድግዳው እርጥበት ይተፋል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሲስተር፣ አዋላጅ ነርሳችንን ሁላችንም የምንጠራት እንደዚያ ነው፣ ሕፃኑን ወዲያው ከእናቱ ደረት ላይ ታስተኛዋለች። እናትየው ደም ፈሷት ራሷን የሳተች እንደሆነ፣ ወይም ስፌት ላይ ከሆነች፣ ወይም መንታ መጥቶ ደረት ያነሰ እንደሆነ ግን የእትዬ ተራ ነው። ውኃ ታፈላለች፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ትሞላለች፣ በጨርቅ ጠቅልላ ከሕፃኑ ግራና ቀኝ ታስቀምጣለች። ኮሪደሩን ትወለውልና ተመልሳ ጠርሙሱን ዳብሳ፣ ቀዝቅዞ ከሆነ ትቀይራለች። ይህን አድርጊ ብሎ የቀጠራት የለም። አንዳንዴ የትኛው ሥራዋ እንደሆነ ራሷም ይጠፋታል።

እንዲህ ስንኖር ፕሮጀክቱ መጣ።

ፕሮጀክቱን ይዞልን የመጣው ከከተማ የተላከ ወጣት ነበር። ሥልጡን፣ ትሑት፣ ታብሌቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚዞር ልጅ ነው። በየንግግሩ አንዴ «ዳሽቦርድ»፣ ውጤት በግራፍ የሚያሳየውን ስክሪን ማለቱ ነው፣ ካላለ ምሳ የማይበላ ይመስል ስለነበር በሁለተኛው ቀን ስሙን ረሳነውና «ዳሽቦርድ» አልነው። እሱም አቤት ማለት ጀመረ።

ያመጣው ነገር ሳጥን ነው። በየክፍሉ በር ላይ አንድ አንድ ተሰቀለ። ሳጥኑ ሦስት ቁልፎች አሉት፤ አረንጓዴው ሳቂታ ፊት፣ ቢጫው ዝም ያለ ፊት፣ ቀዩ ያኮረፈ ፊት። ተገልጋይ ታክሞ ሲወጣ የተሰማውን ይጫናል፤ ሳጥኑ ጢጥ ይላል፤ ውስጡ ያለው ሲም ካርድ ደግሞ ዜናውን በዚያችው ቅጽበት የፕሮጀክቱ ለጋሾች ዘንድ ያደርሳል። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ተገልጋዮቹን ይበልጥ ያስደሰተ ክፍል የጠየቀውን ዕቃ ያገኛል። ፋርማሲስቱ ማቀዝቀዣ ጠየቀ። ላብራቶሪው አዲስ ማይክሮስኮፕ ጠየቀ። እኔ የሚሽከረከር ወንበር ጠየቅሁ። ሲስተር የጨቅላ ማሞቂያ ጠየቀች።

ይህ ሁሉ የተነገረን በአዳራሹ ሥልጠና ላይ ነው። እትዬም ተጠርታ ነበር። ወንበር ደረደረች፣ ውኃ አደለች፣ ከዚያ «በይ በሩን ዝጊልን» ተብላ ወጣች። ያ በር ባይዘጋ ኖሮ ይህ የምጽፈው ነገር ባልኖረ።

እውነቱን ለመናገር ሳጥኖቹ ከተሰቀሉ በኋላ በጤና ጣቢያው ውስጥ ጤናማ ሰው አልቀረም። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ በሌላው እጁ ወደ ሳቂታው ያመለክታል፤ መጀመሪያ ጢጥ፣ ከዚያ ክኒን። የላብራቶሪው ሰው ከክፍሉ በወጣ ቁጥር ሳቂታውን በክርኑ ደለቅ ያደርጋል። መውጣት ስላበዛ ኩላሊቱን እንዲመረመር መክረነዋል። ስለ ካርድ ክፍሉ ባላወራ ደስ ይለኛል፤ ወንበሩ በጣም ያስፈልገኝ ነበር።

ሲስተር ብቻ ናት ሳጥኑን ዞር ብላ ያላየችው። ፊቷ የማይፈታ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። አንድ ቀን «እናቶቹን ተጫኑ በያቸው እንጂ» ብላት፣ «የወለደች ሴት ደስ ካላት ትጫን፤ ካላላት ልጇን ይዛ ትሂድ» አለችኝ። የወለደች ሴት ደግሞ በአንድ እጇ ልጇን፣ በሌላው እጇ ፌስታሏን ይዛ ነው የምትወጣው። በየትኛው እጇ ትጫን? ስለዚህ የማዋለጃው ሳጥን ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይውላል።

ጠዋት ግን ዝም አይልም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ሲሰቀል መሰርሰሪያ የያዘው ባለሙያ ሲዞር የሲስተርን ሳህን ገጨው፤ አዮዲን ተረጨና አንዲት ጠብታ ያኮረፈው ፊት ጉንጭ ላይ አረፈች። እትዬ ይህን ነገር ዝም ብላ የምታልፍ ሰው አይደለችም። በእሷ ማዋለጃ ክፍል፣ በእሷ በር ላይ፣ እድፍ! በማግሥቱ ሠራተኛ ሳይገባ በሳሙና ሞከረችው። አልለቀቀም። በበረኪና ሞከረችው። ፈገግ አለ እንጂ አልለቀቀም። ከዚያ ወዲያ የዕለት ሥራዋ አደረገችው፤ ሌላውን በር አንድ ጊዜ አበስ አድርጋ ታልፋለች፣ ማዋለጃው በር ላይ ስትደርስ ግን እጅጌዋን ትሰበስብና ቢጫውን ጨርቅ ጣቷ ላይ ጠምጥማ ያን ጉንጭ ትፈትጋለች። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል ሳጥኑ። እሷ ሲጸዳ ደስ ብሎት የሚያንጎራጉር ይመስላት ነበር።

ሩብ ዓመቱ አለቀና ተሰበሰብን። ዳሽቦርድ ውጤቱን ግድግዳው ላይ አበራው። የፋርማሲው አረንጓዴ አምድ ለምልሟል፤ ማቀዝቀዣው የእሱ ሆነ። የማዋለጃው አምድ ሲመጣ ግን ሁላችንም አንገታችንን አቀናን። ቀዩ ከግድግዳው አልፎ ጣሪያውን ሊበሳ ምንም አልቀረውም።

«የሚገርመው ሰዓቱ ነው» አለ ዳሽቦርድ፣ በእርግጥም ተገርሞ። «ምሬቱ የሚመጣው ጠዋት ማለዳ፣ የግቢው በር ሳይከፈት ነው። ቡድናችን ተንትኖታል። ሌሊት የወለዱ እናቶች ናቸው። ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረው ነው የሚጫኑት። የተጠራቀመ ብሶት ነው።»

«ሌሊት ያለሁት እኔ ነኝ» አለች ሲስተር። «የትኛዋ ናት የተከፋችው? ንገረኝና ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት።»

«ዳታው ስም የለውም ሲስተር።»

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን በግራፍ ፊት ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። «እኔም እኮ ፈገግታ ይጎድልሻል ብዬሽ አውቃለሁ» አሏትና የመልካም አቀባበል ሥልጠና እንድትወስድ ወሰኑ። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕይወት ስታተርፍ ያደረችው ሴት መስተዋት ፊት ቆማ ጥርስ ማሳየት ልትማር ነው። ሲስተር ብዕሯን ከድና ኪሷ ውስጥ ከተተች፤ እኔም በጣም ተናደድኩ፣ ግን ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ ጻፍኩት።

በዚህ መሃል አንዱ ብርጭቆ ደፍቶ ስለነበር እትዬ ገብታ ወለሉን ትወለውል ነበር። መወልወያዋ እኔ ጋ ደረሰ፤ እግሬን ቀድሜ ሰቀልኩ፤ እሷ ግን ምንም ሳትለኝ አለፈች። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ቀዩ አምድ ላይ ተተክሏል። ፊቷ አመድ መስሏል።

ስብሰባው እንዳለቀ መስኮቴ ላይ መጣች።

«አንተ፣ ያ ሳጥን የነካው ሁሉ ይቆጠራል እንዴ?»

«ይቆጠራል እንጂ እትዬ። ታዲያ ለጌጥ ነው የተሰቀለው?»

«በጨርቅም ቢሆን?»

«በጨርቅም፣ በክርንም፣ በአፍንጫም።»

በሥራ ሰዓት ቁጭ ብላ የማታውቀው ሴት የካርድ ሳጥኑ ላይ ዘፍ አለች። «ገደልኳት» አለች። «ሲስተርን በእጄ ገደልኳት። እናቶቹ እኔ ነኝ።»

አዮዲኑን፣ በረኪናውን፣ ፍትጊያውን ሁሉ ዘረገፈችልኝ። አዝኜላት ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ግን ያ ቡድን ተሰብስቦ ምሬቷን ሲተነትን በዓይኔ ታየኝና ሳቄ አመለጠኝ። በሰማያዊው ጨርቅ ጀርባዬን መታችኝ።

«ሄጄ እናገራለሁ» አለች ተነስታ።

«ቆይ እትዬ። ተናገርሽ እንበል። ሳጥን መመርመር ይጀምራሉ። የአንቺን ሲያዩ የላብራቶሪውን ክርን ያያሉ፤ የፋርማሲውን ክኒን ያያሉ...» የካርድ ክፍሉን አልጠቀስኩም። «ይኼ ጤና ጣቢያ ዳታ የሚያበላሽ ነው ተብሎ ከፕሮጀክቱ እንሰረዛለን። ማሞቂያውም ለማንም ሳይሆን ይቀራል።»

ማሞቂያው ሲባል ተመልሳ ተቀመጠች። ብዙ አሰበች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ ወለል ላይ የወደቀ መርፌ እንደምትፈልግ ሰው፣ «ሳቂታውስ?» አለችኝ። «ሳቂታው አቧራ አይዝም?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ሳቂታ ፊት የታጠበውን ያህል የእኔ ፊት በዕድሜዬ አልታጠበም። እትዬ አዮዲኑን ይቅር አለችው፤ ለእድፍ ስትሸነፍ ያየኋት ያኔ ነው። ጠዋት ጠዋት አረንጓዴውን ታሻለች፣ ከጨረሰች በኋላ ደግሞ ለማሳረጊያ ትመለስበታለች። ማዋለጃ ክፍላችን በስክሪን ላይ ገነት ሆነ። ዳሽቦርድ ከከተማ ደውሎ «ምን አድርጋችሁ ነው?» ብሎ ጮኸ። ኃላፊው «የፈገግታው ሥልጠና ነዋ!» ብለው ምስጋናውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሲስተር አገር ምድሩ ሲያመሰግናት የሚያሾፉባት መስሏት ግራ እየተጋባች ትገላምጠን ነበር።

እትዬ ግን ለወሬው ጊዜ አልነበራትም። የማሞቂያውን ቦታ እያዘጋጀች ነበር። ከማዋለጃው ጥግ አሮጌውን ቁም ሣጥን ብቻዋን እየገፋች አወጣችው። ግድግዳውን ፈገፈገች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ክንዱን ይዛ አምጥታ ሶኬቱን አስለወጠችው። «እዚህ ጋ ነው የሚቆመው» ትለኛለች፤ ባዶውን ቦታ እያሳየች። «ከመስኮቱ ንፋስ አይደርስበትም። ከሲስተር ዓይንም አይርቅም።» እኔም ዕቃው ያለ ይመስል ዞር ዞር ብዬ አይቼ አደንቃለሁ።

ሩብ ዓመቱ ሲገባደድ ከለጋሹ ድርጅት አንዲት ትልቅ ሴት መጡ። መኪኖቹ ግቢውን ሞሉት። እንግዳዋ ደግ ፊት ያላቸው፣ ለሁሉም እጃቸውን የሚዘረጉ ሰው ናቸው፤ ዳሽቦርድ ያስተረጉማል። ማዋለጃው በር ላይ ተሰብስበን ቆምን። እትዬ ቢጫዋን ጨርቅ ይዛ ከኋላ ነበረች፤ ፊቷ የሙሽራ እናት ፊት ሆኗል።

እንግዳዋ ክፍሉን አወደሱ። ከጎበኟቸው ጤና ጣቢያዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ደስታ አላዩም። ከዚያ አዲስ ስልት መውጣቱን ተናገሩ። እስካሁን ጠንካሮችን ሲሸልሙ ቆይተው ስህተት መሆኑን ተረድተዋል። ከእንግዲህ የዕቃ ድጋፍ የሚሰጠው ውጤታቸው ደካማ ለሆነ ክፍሎች ነው፤ እንደዚህ ያለው ክፍል ግን ያለውን ብቻ ይዞ እናቶችን ማስደሰት እንደሚቻል አሳይቷል። ለዚህም ሽልማት አላቸው። የመስታወት ኮከብ ከሣጥን ወጣ። ያምራል፣ አልዋሽም። ኃላፊያችንም በደስታ ብዛት ያልታሰበ ቃል ገቡ፤ ይህ ኮከብ የተሰቀለበት ክፍል ኃላፊ የዘንድሮውን የዲግሪ ትምህርት ዕድል ያገኛል። ሲስተር ዕድሉን ስትጠብቅ ጸጉሯ ሸብቷል። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ አለና መሬት መሬት አየች።

አጨበጨብን። እትዬ ክንዴን ጎተት አደረገችኝ።

«ማሞቂያውስ?»

«አያስፈልጋችሁም ተባለ» አልኳት በሹክሹክታ። «ሳቂታ ስለሆንን።»

ከዚያ እንግዶቹን በክርኗ እየከፈለች ወደ በሩ ሄደች። ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው፤ አመልካች ጣቷን ቀሰረች፤ ቀዩን ፊት ተጫነችው። ጢጥ። አንድ ጊዜ ብቻ። በዚያ ሳጥን ላይ ከተሰቀለ ጀምሮ ሰው የተሰማውን የተጫነበት ጊዜ ያ መሰለኝ።

ኃላፊው ደነገጡ። እንግዳዋ ግን ለምን እንደሆነ ጠየቁ።

«ሕፃናቱ ይበርዳቸዋል» አለች እትዬ። «እናቶቹ ደስ ብሏቸው ይሆናል፣ እሱን እነሱ ያውቃሉ። ሕፃናቱ ግን ይበርዳቸዋል።»

ዳሽቦርድ ሳይጨምር ሳይቀንስ አስተረጎመ። እንግዳዋ አዳመጡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ስለ ድፍረቷ አመሰገኗት። አስተያየቷ ተመዝግቧል። ነገር ግን ከሺዎች ተቃራኒ የሆነ አንድ ድምፅ ነው፤ እሳቸው ደግሞ የሚገዙት በቁጥር ነው። እትዬን አቅፈው ተሰናብተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ሺዎቹም ራሷ መሆኗን ልትነግራቸው አትችልም።

ዳሽቦርድ ኮከቡን እንዲሰቅል ወደ ኋላ ቀረ። ሲስተር ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት እናት እየሰፋች ነበር፤ ሕፃኗ በሁለት ጠርሙሶች መሃል ተኝታለች። እትዬ ጠርሙሶቹን ዳበሰችና ወደ ዳሽቦርድ ዞረች።

«ና እስቲ ልጄ። መጀመሪያ እጅህን ታጠብ።»

ታጠበ። ጣቱን ይዛ ከብርድ ልብሱ ሥር ወደ ሕፃኗ እግር አደረሰችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ፊቱን አየሁት። ልጁ እጁን ቶሎ አላወጣም። ካወጣ በኋላ ከልምድ የተነሳ ይመስለኛል ታብሌቱን ከፈተ፤ ጣቱን ወዲያ ወዲህ አንከራተተ። የበረዳት ሕፃን የምትገባበት ቦታ አልነበረውም። ዘጋው።

«የድጋፉ ዝርዝር የሚሠራው በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ውጤት ነው» አለ፣ ማንንም ሳያይ። ቀጥሎም ወደ ሳጥኑ እያየ፣ «እማማ፣ አኩራፊው ፊት ቆሽሿል።»

እትዬ በገነች። «የኔ በር? ዛሬ ጠዋት አይደል እንዴ ያጸዳሁት!»

«አውቃለሁ። ጠዋት ቀድሜ መጥቼ ሲያጸዱ አይቼዎታለሁ። ሳቂታውን ብቻ ነው ያጸዱት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አኩራፊው ግን ቆሽሿል እማማ። በጣም ቆሽሿል። ሦስት ወር ሳይፈልግ አይቀርም።»

እኔና እትዬ ተያየን። ለካ ይህ ልጅ ጢጥ ጢጡን በጆሮው ሰምቶ፣ ሪፖርቱ እንዳይፈርስ አፉን ዘግቶ ነው ከእንግዳዋ ጋር ሲዞር የዋለው! ያን ዕለት ወደድኩት። ኮከቡንም አጣሞ ነው የሰቀለው።

እትዬ ግን በማግሥቱ አኩራፊውን አልነካችውም። ሲስተርን እየጎተተች ካርድ ክፍል አመጣቻትና በሩን ዘጋች። የመጀመሪያውን ቀይ፣ ቀጥሎ ያለውን አረንጓዴ፣ አሁን ዳሽቦርድ ያለውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት። እትዬ «የተጠራቀመ ብሶት» የሚለው ላይ ስትደርስ ሲስተር መሳቅ ጀመረች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋ ፈሰሰ፣ መደርደሪያዬን ይዛ ሳቀች። ሥልጠናው ላይ ይህን ብታሳያቸው ኖሮ ያስተምሯት ሳይሆን ይቀጥሯት ነበር።

«አትሳቂ» አለቻት እትዬ። «ቀዩን ከጠረግሁ ኮከቡ ይወርዳል። ኮከቡ ከወረደ ትምህርቱ ይቀርብሻል። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ።»

ሲስተር እንባዋን ጠረገች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ከመስኮቴ ውጭ ያሉትን ተረኞች አንድ በአንድ አየች፤ እኔም የሌለ ካርድ መፈለግ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ የተቀጠርሽው በምንድን ነው?»

«በጽዳት።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ሥራሽን ሥሪ።»

ሠራች። እንዴት እንደሠራች ስክሪኑ ይመስክር። ማዋለጃ ክፍላችን ከገነት ወደ ሲኦል በአንድ ሩብ ዓመት ወረደ። ከለጋሾቹ ዘንድ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ አጥኚ ተላከ፤ አጥኚው እናቶቹን ቢጠይቅ ሁሉም ደህና ነው አሉት፤ «ፍርሃት አለ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ዳሽቦርድ ግራፉን ሲያቀርብ እንዲህ ያዘነ ፊት አይቼ አላውቅም፤ ተዋናይ ቢሆን ያዋጣው ነበር። ኮከቡንም በገዛ እጁ ፈቶ ፋርማሲው በር ላይ ሰቀለው። ሲስተር በድጋሚ ለፈገግታ ሥልጠና ተላከች፤ የትምህርት ዕድሉ ለፋርማሲስቱ ተላለፈ። በአዲሱ ዝርዝር ከደካሞች ሁሉ ደካማ ተብሎ የመጀመሪያውን ድጋፍ ያገኘው የእኛ ማዋለጃ ክፍል ሆነ። የእኔ ወንበር በዚህም በዚያም አልመጣም፤ ካርድ ክፍሉ ደካማም ጠንካራም አይደለም ተብሏል።

ፋርማሲስቱ ለትምህርት የሚሄድ ዕለት ግቢው ውስጥ ሽኝት አደረግንለት። ኬክ ተቆረጠ፣ ኃላፊው ንግግር አደረጉ፣ ሁሉም ለፎቶ ተሰለፈ። ሲስተርና እትዬ ብቻ ጎደሉ። ጥራቸው ተብዬ ወደ ማዋለጃው ሄድኩ።

በዚያች ጠዋት መንታ ተወልዶ ነበር። አንደኛው ከእናቱ ጋር ነው። ሁለተኛው፣ በጣም ትንሹ፣ እትዬ ባዘጋጀችው ጥግ ማሞቂያው ውስጥ ተጋድሟል። እትዬ ከልምዷ የተነሳ ውኃ አፍልታ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች የምታደርገው ጠፍቷት መሃል ወለል ላይ ቆማለች። ዓይኗ እርጥብ ነው። ከውጭ ጭብጨባው ይሰማል።

«ዛሬ መሸኘት የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ» አለች።

ሲስተር ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወስዳ መሬት አስቀመጠችው። «ታጠቢና ነይ ንኪው።»

እትዬ ታጠበች። በማሞቂያው ጎን እጇን ሰደደች፤ አውራ ጣት የምታህለውን እግር በሁለት ጣቷ ያዘች። ለረጅም ጊዜ ያዘቻት።

«ሞቋል» አለች።

«በቃ» አለች ሲስተር። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ለፎቶ እየጠበቋችሁ ነው» አልኳት።

«ሥራ ላይ ናቸው በላቸው።»

ሄጄ ነገርኳቸው።